አማቻችንና የጀርመኑ ካፒቴን

ልጆቹ "እማማ፣ ስለ ካፒቴኑ ንገሪን" ብለው ያዙኝ። ዘር ሳይቆጥር የማይድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ታላቅ ወንድሜ እንደዚያ ነው፤ አሜሪካ መጥተን ሲያትል መኖራችንም አልፈወሰው። ሽማግሌዎች የልጅ ልጄን ለአንድ ፈረንጅ ሊጠይቁ ሲያትል አጠገብ ኬንት ወዳለው ቤታችን ሲመጡ፣ እንደ ዳኛ ተሰይሞ፣ "የልጁ ቅም አያት ማን ነበሩ?" አለ።

"በሸራ መርከብ ዘመን የጀርመን ባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ በማዕረግ እያደጉ ካፒቴን ሆነዋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተዉት።"

"ተዉት ወይስ ተባረሩ? ሳይጣራ ልጅ አንሰጥም።"

ልጅቷ ጓዳ ሆና ታለቅሳለች። "አንተ ሰው፣ ልጅቷ የምታገባው ሟቹን ነው እንዴ?" ብዬ እኔው ፈቀድኩ።

ከዓመታት በኋላ ያ ፈረንጅ፣ አማቻችን፣ ነገረኝ። ለካስ ካፒቴኑ ማዕረጋቸውን የጣሉት፣ የሚወዷትን ሴት እንዳያገቡ አለቆቻቸው ስለከለከሏቸው ነበር።