የሁለት ሰው ክትፎ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በዓቢይ ጾም ቅበላ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ እጄ ክትፎ ውስጥ እያለ ነው። ዓመቱን ልለፈው። ብነግራችሁ "እስካሁን?" ትሉኛላችሁ። ይቺን "እስካሁን?" ከእናቴ ጀምሮ እስከ መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ድረስ ሁሉም ስለሚለኝ ጠግቤያታለሁ። አዎ፣ እስካሁን።

ወደዚያ እሁድ ከመድረሴ በፊት ስለ መሰብሰብ ትንሽ ላውራችሁ። የዚህ አገር ሰው መሰብሰብን ማንም አያስተምረውም። ገንዘብ ሲያጥረው ዕቁብ ይገባል፣ ሞት ሲያስፈራው ዕድር ይመዘገባል፣ በወር አንድ ቀን ጠበል ጠዲቅ ሲያምረው ማኅበር ይጠጣል። በነዚህ ሁሉ ከማን ጋር እንደተሰበሰብክ ታውቃለህ። ዕቁብተኛው ቢክድህ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ የዕድሩ ዳኛ ቢበድልህ ሚስቱ ከእናትህ ጋር ገበያ ትወርዳለች። በስልክ የመጣው መሰብሰብ ግን ሌላ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የክትፎ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ "ብዙ ሆነን ስንገዛ በግማሽ ዋጋ" ይላል። አንተ ትገባለህ፣ ጓደኛህን ትጎትታለህ፣ ጓደኛህ አማቹን ይጎትታል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ኩፖን የሚባል ነገር ስልክህ ላይ ዱብ ይላል። ከማን ጋር እንደተሰበሰብክ አታውቅም። ቢክዱህ የማንን በር እንደምታንኳኳም አታውቅም።

ሳላውቅ የገባሁበት እንዳይመስላችሁ። ዲግሪ አለኝ፣ ሥራዬም ኢንሹራንስ ነው፤ ውል በማንበብ የምተዳደር ሰው ነኝ። መኪናው የተጨፈለቀበት ሰው እንባ እየተናነቀው ሲመጣ "ይቅርታ፣ ይህን አንቀጹ አይሸፍነውም" እላለሁ፤ ከዚያ ውሃ አቀርብለታለሁ። ስለዚህ የኩፖኑን ውል ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለሁለት ሰው ልዩ ክትፎ፣ ከነአይቡ፣ ከነጎመኑ፣ ከነቆጮው። እስከ ሁዳዴ ቅበላ ያገለግላል። ሌላ ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውል እኛ መሥሪያ ቤት እንኳ አይጻፍም።

ለሁለት ሰው ማለት ለእኔና ለትርሲት ማለት ነበር።

ትርሲት ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነበረች። አባቷ ከወልቂጤ ማዶ መጥተው ቀራንዮ ሱቅ የከፈቱት እኔ ሳልወለድ ነው፤ በክትፎ ጉዳይ እነሱ ቤት ቀልድ የለም። የተዋወቅነው የሳል መድኃኒት ልገዛ ገብቼ ነው። ሳሉ በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ እኔ ግን መሳሌን አላቆምኩም። አንድ ቀን ብልቃጡን ከኋላዋ አስቀምጣ፣ "ወንድሜ፣ መድኃኒቱ እየጎዳህ ነው፤ ይልቅ ሻይ ጋብዘኝ" አለችኝ። እንዲህ ነበረች። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ኩፖኑን ስገዛ ሐዋሳ የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ መጣ። ደህና ሥራ፣ ደህና ደሞዝ፣ ከዚያም በላይ የራሷ የሆነ ኃላፊነት። ከቅበላ ማግስት ሰኞ ጠዋት "እመጣለሁ" ወይም "አልመጣም" ብላ መደወል ነበረባት። እኔም ከዚያ በፊት "ቅሪልኝ፤ እንጋባ" ማለት ነበረብኝ። ጉዳዩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ክትፎ ነው።

"ታዲያ ኩፖኑን ቀደም ብለህ አትጠቀምም ነበር?" ትሉ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። አንድ ሐሙስ ማታ ይዣት ሄድኩ። ክትፎ ቤቱ ከቀራንዮ ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም። አስተናጋጁ ስልኬን አየና "የኩፖን ክትፎ አልቋል" አለን።

"የኩፖን ያልሆነውስ?"

"እሱ አለ።"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ያኛው የኩፖን ነዋ!"

ትርሲት እስከ ፌርማታው ድረስ እየሳቀች ሄደች። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ለኩፖን ሻጮቹ እደውላለሁ። እነሱ "ሬስቶራንቱን ያነጋግሩ" ይላሉ፤ ሬስቶራንቱ ስደውል "ሻጮቹን ያነጋግሩ" ይላል። ፌርማታው ጋ ፓስቲ ገዝታ ግማሹን አጎረሰችኝ። ዘይቱ አገጬ ላይ ወረደ፣ በመሐረቧ ጠረገችልኝ። ያን ጊዜ ልጠይቃት እችል ነበር። ግን ትዳር የሚያህል ነገር ፓስቲ እያላመጡ ይጠየቃል? ለእንዲህ ያለው ነገር ክትፎ ይገባዋል ብዬ አቆየሁት። ፓስቲ አሁንም እበላለሁ። ያንን የሚመስል ግን አላገኘሁም።

ቅበላ ደረሰ። የእኛ ሰው የጊዜ ገደብ ሲሰጠው የምትታየው የመጨረሻዋ ቀን ብቻ ናት። ለካ ያን የማላውቀው ተሰብሳቢ ሁሉ እንደኔ ሲያቆይ ከርሞ ኖሯል! ክትፎ ቤቱ በር ላይ ሰዉ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ይመስል ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይጋፋል። ከገዛሁ ጀምሮ "እነማን ይሆኑ?" እያልኩ ሳስብ የነበረውን ማኅበርተኞቼን በአካል አየኋቸው። ግማሾቹ የሠፈሬ ልጆች ናቸው።

እንደምንም ገባን። የደረሰን ጠረጴዛ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለው ነው። ይህ እንግዲህ ኮልፌ ተወልዶ ላደገ ሰው ፈተና ነው። እጁን ሊታጠብ የሚመጣው ሁሉ ያውቀኛል፤ እጄ ምግብ ላይ እያለ የማውቀው ሰው ባጠገቤ ካለፈ ደግሞ "እንብላ" ማለት አለብኝ። መቼም "እንብላ" ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰላምታ ነው። አንዱ "እንብላ" ይላል፣ ሌላው "ብሉ፣ ብሉ፣ ይመቻችሁ" ብሎ እጁን እያራገፈ ያልፋል። ሁለቱም የድርሻቸውን ተወጡ ማለት ነው። እኔም እየጎረስኩ "እንብላ"፣ እየዋጥኩ "እንብላ" ስል ቆየሁ።

"ምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?" አለችኝ ትርሲት። ክትፎውን ቀምሳ ደግሞ "ቅቤው ምስኪን ነው፤ እናቴ ብታየው ታለቅስለታለች" አለች። ሳቅሁ። ስስቅ ድፍረት መጣልኝና ጠየቅኋት። ያሰብኩትን ሁሉ ሳላስቀር፣ ሐዋሳንም፣ ጋብቻውንም፣ አንድ ላይ።

ጉርሻዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ መለሰች። ጣቶቿን ጠረገች። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝና አፏን ከፈተች።

በዚህ ቅጽበት ጋሽ ወልዴ መታጠቢያው ጋ ቆመዋል።

ጋሽ ወልዴ የጎረቤታችን አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ማለቂያ ላይ ነው ያረፉት፤ ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን። ሽማግሌው እጃቸውን አልታጠቡም፤ ስልካቸውን ይዘው እንዲያው ቆመዋል። አየኋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ። ምን ልሁን? እጄ ምግብ ላይ ነው፣ ሰውየው አባቴን ያህላሉ።

"ጋሽ ወልዴ፣ እንብላ!" አልኩ።

"እሺ ልጄ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የትርሲት አፍ ተዘጋ። ከዚያ ፈገግ አለችና ውሃ አስመጥታ እዚያው አስታጠበቻቸው። ጋሽ ወልዴ ቀስ እያሉ ነገሩን አወጉን። ኩፖን አላቸው። የገዛችው ዘነበች ነች፤ ክረምት ላይ፣ ተኝታ፣ በልጇ ስልክ፤ "ስነሳ ይዘኸኝ ትሄዳለህ" ብላ። ዛሬ ስለሚያበቃ "የሷ ነገር ተበላሽቶ አይቅር" ብለው መጡ። አስተናጋጁ ግን "አባባ፣ ይሄ የሁለት ሰው ነው፤ ሁለተኛዋስ?" አላቸው። "አልመጣችም" አሉት። "እንግዲያው ለአንድ ሰው አይሠራም" ብሏቸዋል።

ትርሲት ቆጮውን ወደሳቸው ገፋ አድርጋ ጠቅለል ያለ ጉርሻ አጎረሰቻቸው።

ወዲያው ያው አስተናጋጅ እኛ ራስ ላይ ቆመ። "ወንድሜ፣ የእናንተ ኩፖን የሁለት ሰው ነው። አሁን ሦስት ናችሁ። ስለዚህ ወድቋል፤ ሙሉ ሂሳብ ነው የምትከፍሉት።"

እስኪ እናንተ ፍረዱ! አንዱን አንድ ነህ ብሎ መለሰ፣ እኛን ሦስት ናችሁ ብሎ ጣለ። ሁለት ኩፖን ለአራት ሰው በሚበቃበት ቤት ሦስት ሰው መብላት አቃተው። ውሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ "ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን ይወድቃል" የሚል ቃል የለበትም። ተነሣሁ።

"ተወው" አለችኝ ትርሲት። "ቁጭ በልና ስማኝ።"

"መጣሁ" አልኩና ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከራክሬ አላውቅም። አንቀጽ በአንቀጽ አስረዳሁት። "እንብላ" ማለት የውል ለውጥ አይደለም አልኩ። የሞተች ሴት ያልመጣችው በራሷ ጥፋት አይደለም አልኩ። ከኋላዬ ኩፖን ይዞ የቆመው ሁሉ "ልክ ነው! ንገረው!" እያለ አጀበኝ። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ዞር አልኩ፤ በሰዉ ትከሻ መካከል የትርሲት ፊት ታየኝ። ወደኔ አይደለም የምታየው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ወልዴ መጉረስ አቁመው ያዳምጧታል። ልሄድ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ያን ጊዜ "ውሉ ላይ እንዲህ ይላል?" ብሎ ሲለሳለስ ሰማሁት። እግሬን መለስኩ።

አሸነፍኩ! ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠርጎ "ወንድሜ፣ ደክሞኛል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ" አለ። ሰው አጨበጨበልኝ። እንደ ሙሽራ እየተንጎራደድኩ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

የትርሲት ወንበር ባዶ ነው።

"የት ሄደች?"

"ሄደች" አሉ ጋሽ ወልዴ። የአይቡን ሳህን ወደኔ ገፉልኝ።

"ምንም ሳትለኝ?"

"ኧረ መልሳልሃለች። ያንተን ወንበር እያየች መለሰችልህ።"

"ምን ብላ?"

"እኔን መች ጠየቅከኝ? እሷን ነው የጠየቅካት። ብላ፣ ይበርድብሃል።"

በሩጫ ወጣሁ፤ ታክሲው ሄዷል። ማታ ስደውል አላነሳችም፣ ሰኞም አላነሳችም። ያነሳችው ከሐዋሳ ነው፤ ጾሙ ተጋምሶ።

"ሰው ይጠይቃል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መልሱን ይሰማል" አለች። "እኔ መልሻለሁ። ጋሽ ወልዴ ሰምተዋል።"

"አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።"

"መድኃኒት መሰለህ በቀን ሦስቴ የምሰጥህ?"

ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር፤ ወይም ኔትወርኩ ነው። እሱንም አላወቅሁም። "ሄደች ማለት እንቢ ማለት ነዋ" የሚሉኝ አሉ። ሰው እሺ ብሎ መልሱን የሚሰማው ቢያጣ አይሄድም? እኔን ሌሊት የሚያገላብጠኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ክትፎ ቤቱ ተዘግቷል፤ አሁን ሶፋ ይሸጥበታል። የቴሌግራሙ ቻናል ስሙን ቀይሮ ጫማ ያስተዋውቃል። ትርሲት ሐዋሳ ውስጥ የራሷን መድኃኒት ቤት ከፍታለች ይላሉ። ሌላ ሌላውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የቀሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። በመድኃኔዓለም በር ሳገኛቸው "ጆሮዬ እኮ ድሮም ደካማ ነው" ይሉኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳገኛቸው "ስንቱን ላስታውስ ልጄ?" ይሉኛል። አንድ ቀን በራቸው ድረስ ተከትያቸው ብሄድ ዘወር ብለው "ብነግርህ ምን ታደርግበታለህ?" አሉኝና በሩን ገርበብ አደረጉት። ምን እንደማደርግበት የራሴ ጉዳይ ነው! ሰው የራሱን መልስ ለማወቅ ምክንያት ማቅረብ አለበት?

ሰሞኑን አመማቸው። ብርቱካን ይዤ ጠየቅኋቸው፤ ልጃቸው ስትወጣልን ጠብቄ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብርቱካኑ ሲላጥ ግን ገለጡት። ዛሬ ይህን መጻፌ ለዚህ ነው፤ ልጃቸው ማታ ማታ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደምታነብላቸው ነግራኛለች።

ጋሽ ወልዴ፣ እየሰሙኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተኙ አይምሰሉ። እንዲሻልዎት በየቀኑ እጸልያለሁ፤ ለእርስዎ ብዬ ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ያን ቀን "እንብላ" ስልዎት ተቀምጠዋል፤ አልተቀየምኩም፣ ዛሬም ቢሆን እልዎታለሁ። እሺም ትበል እንቢም፣ ቃሏን እንደወጣ፣ ሳያሳምሩ፣ ሳያስታምሙ ይስጡኝ። ወንበሬን እያየች ምን አለች? ይመልሱልኝ።