የጆሮ ብሩሽ

ጆሮ፦ ይሄ የጫማ ብሩሽ ነው።

ቀስታ፦ የልብስም አለ። [ከፌስታሉ ሌላ ያወጣል] ይቺኛዋ ደግሞ የቀለም ናት። ትንሽ ጠጉሯ ረግፏል እንጂ ደህና ናት።

ጆሮ፦ በስልክ ምን ነበር ያልኩህ?

ቀስታ፦ “ሥራው የቆመው ጥሩ ብሩሽ አጥቼ ነው” አሉኝ። እኔም ቤት ያለውን ሰብስቤ መጣሁ።

ጆሮ፦ የድራም ብሩሽ ነው ያልኩህ።

ቀስታ፦ ድራሙ ቆሽሾ ነው?

ጆሮ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ጎረቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ “ይቺ ሚስማር ግማሽ ድምፅ ወርዳለች” የሚል ሰው፣ ሌላ ሰው ስም እስኪያወጣለት አይጠብቅም። ቀስታ ደግሞ የእህቱ ባል ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ቀስታ ያሉት ሲነዳ ዓይተውት አይደለም፤ ነገር ሲገባው ዓይተውት ነው።

የቀስታ ሚስት ድሮ ሆቴል ውስጥ ትዘፍን ነበር። ባንዱ ተበተነ፣ ልጆች መጡ፣ መዝፈኑም ቀረ። አሁን አንድ አዲስ ምግብ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚዘፍን ሰው ይፈልጋል መባሉን ሰማች። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ቀርጸሽ አምጪና ልስማው ብሏታል፤ ቀጠሮውም ነገ ነው። እሷ ዘፈኑን በፒያኖ ብቻ ባንድ ትንፋሽ ዘፍና ከጨረሰች ቆይታለች። ወንድሟ ግን “ድራሙን የምጨምረው እኔ ነኝ” ብሎ ጓሮው ክፍል ውስጥ ዘጋበት፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ የቀን ብርሃን አላየም።  ቀስታ አንድ ነገር አስተውሏል፤ ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ ሬዲዮ መክፈት ትታለች። ለዚህ ነው ዛሬ ዘፈኑን ሳይዝ ላይመለስ ለራሱ ምሎ የመጣው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል፤ በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ቆሟል። መሀል ላይ ኮምፒውተሩ እንደ ቤቱ አባወራ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

ጆሮ፦ ስማ። የድራም ብሩሽ ማለት ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ እንደ መጥረጊያ የታሰረ። ድራመሩ በግራ እጁ ቆዳው ላይ ክብ እየሠራ ይጠርግበታል፤ በቀኙ ነካ ነካ ያደርጋል። ሽሽሽ፣ ሽሽሽ። ያለዚህ ጃዝ ባላድ አይሆንም።

ቀስታ፦ ጃዝ?

ጆሮ፦ ጃዝ።

ቀስታ፦ እኛ ሰፈር ጃዝ ሲባል ውሻ ነው የሚነሳው።

ጆሮ፦ ይሄኛው የተነሳውን ውሻ ያስተኛል። ባላድ ደግሞ ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው።

ቀስታ፦ ቀስ ማለቱስ ገብቶኛል። ስንጠብቀው ከረምን።

ጆሮ ይሄኛዋን እንዳልሰማ አለፋት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ብሩሽ ሁሉ ሳምፕል ነው አለው፤ ቀስታም ሳምፕል ክሊኒክ ውስጥ በብልቃጥ የሚሰጠው እንደሆነ ጠየቀ። ጆሮም አንድ ድራመር አንዴ የጠረገው ተቀድቶ ተቀምጧል ማለት ነው ብሎ አስረዳው። ችግሩ ዘፈኑ ቀርፋፋ በመሆኑ ጠረጋው ቀድሞ ያልቅና ክፍተት ይተዋል፤ እንደሚያነክስ ሰው። ሳብ ሳብ አድርጎ ሲያረዝመው ደግሞ ብሩሽነቱ ይቀርና ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ጆሮ፦ ስለዚህ ሉፕ ላስገባ ነው።

ቀስታ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሚስቴ ታውቃለች?

ጆሮ፦ ምኑን?

ቀስታ፦ ሉፕ እኮ ሐኪም ቤት የሚገባው ከባልም ጋር ተመካክሮ ነው።

ጆሮ፦ ሉፕ ማለት የሚደጋገም ድምፅ ነው።

ቀስታ፦ እኛ ቤት የሚደጋገመውን ለማስቆም ነበር ያስገባነው።

 ጆሮ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ሥራውን ቀጠለ። ዘፈኑ ስንት ትራክ እንዳለው ሊያሳየው ሞከረ፤ ቀስታ ተሳቢ ያላቸው እንደሆነ ሲጠይቀው ተወው። ፒያኖውን ዘግቶ ድራሙን ሰማ፤ ድራሙን ዘግቶ ፒያኖውን ሰማ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጨመረ፣ ቀነሰ። የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቀስታ ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ጠበቀ። በመጨረሻ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥጦ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አጫወተ።

ጆሮ፦ ሰማኸው?

ቀስታ፦ ሰማሁት።

ጆሮ፦ ምን ሰማህ?

ቀስታ፦ ሽሽሽ።

ጆሮ፦ [አንድ ነገር ጠቅ አድርጎ] አሁንስ?

ቀስታ፦ ሽሽሽ።

ጆሮ፦ ልዩነቱ አልተሰማህም። አይፈረድብህም፤ ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጠህ። የመጀመሪያው ደረቅ ነበር። ይሄኛው ሞቅ ብሏል።

ቀስታ፦ [ኮምፒውተሩን ዳበስ አድርጎ] እውነትዎን ነው። ሞቋል።

ቀስታ አልቀለደም። አፍሮ ነው። የሚስቱን ድምፅ ይሰማል፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል የድሮውን የሆቴሉን መድረክ፣ ከበስተኋላ ቆሞ ሲያያት የነበረበትን ምሰሶ ሳይቀር ያስታውሳል። ብሩሹ ግን ሞቀ ሲሉትም በረደ ሲሉትም ለሱ ያው አንድ ሽሽታ ነው። እግዜር ሁለት ጆሮ ሰጥቶኝ አንዱም አይሠራም ማለት ነው ብሎ አዘነ። ደግሞ በማያውቀው ገብቶ የሚስቱን ዘፈን እንዳያበላሽ ፈራ። ስለዚህ ጠቅ በተደረገ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

[ዘፈኑ አለቀ። ሽሽታው ቀጠለ።]

ቀስታ፦ ጋሼ፣ ዘፈኑ ቆሟል አይደል?

ጆሮ፦ ቆሟል።

ቀስታ፦ ሰውዬው ግን አሁንም ይጠርጋል።

ጆሮ፦ ጅራቱ ነው።

ቀስታ፦ የማን?

ጆሮ፦ የድምፁ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ወዲያው አይሞትም፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። አዳራሹን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

[ይጠብቃሉ። አይጠፋም።]

ቀስታ፦ በጣም ትልቅ አዳራሽ ነው።

ባሏ የውሃ ሽታ ሲሆንባት ሚስት ራሷ መጣች። ፍራሹን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና ወንበር ሳይሰጧት ቆማ ልስማው አለች። ጆሮ እንደ ቄስ በእርጋታ አጫወተላት። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ዘፋኟ፦ ጋሼ፣ ድራሙ የታለ?

ጆሮ፦ [ፈገግ ብሎ] አየህ? ከሷ ተማር። ጥሩ ብሩሽ መኖሩ አይታወቅም።

ዘፋኟ፦ እሱን ማለቴ አይደለም። ይሄ ቀዩ ምልክት ምንድን ነው? ድራሙ እኮ ተዘግቷል።

ጆሮ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ ምልክቱ ግን እዚያው ነው። ጣቱን ልኮ ከፈተው። ያኔ ከስፒከሩ የወጣውን ነገር ቀስታ ጠጠር የሚያራግፍ መኪና መስሎት፣ ማን ነው በር ላይ የሚያራግፈው ብሎ ሊያይ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ጆሮ ሳይሰማው ሲጨምርበትና ሲያዞርበት የዋለው ሁሉ ነው ባንዴ የወጣው። እህቱ እጇን ሰድዳ መልሳ ዘጋችው።

ቀስታ፦ ታዲያ እስካሁን ስንሰማው የነበረው ምንድን ነው?

 ዘፋኟ ዘፈኑን ድራሙ እንደተዘጋ ፍላሽ ላይ ገለበጠች፤ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ውስጡ ያለው ቬንትሌተር አቧራውን እያንኮራፋ ዘገመ፤ ሽሽ አለ፣ ሽ አለ፣ ጸጥ አለ። ክፍሉም አብሮት ጸጥ አለ።

ጆሮ፦ ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት። ዝምታም መሣሪያ ነው።

ዘፋኟ፦ እሱን መሣሪያህን በደንብ ተጫውተኸዋል ጋሼ። በቃ እንዳትነካው።

በማግስቱ ባለ ምግብ ቤቱ ዘፈኑን ከፍላሹ ሰማው። ስለ ድራም አላነሳም። ሳያልቅ አቋረጠውና መቼ ትጀምሪያለሽ አላት። ያን ቀን ማታ ቀስታ የታጠበ ዕቃ ሲቀበላት ሬዲዮ አልተከፈተም፤ ራሷ እየዘፈነች ነበርና።

መዝፈን የጀመረች ቀን ባልና ወንድም ግድግዳው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፒያኖ በቀር ሌላ መሣሪያ የለም። ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ቀስታ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጆሮ ክንዱን አጣምሮ ቆየና ወደሱ ዘንበል አለ።

ጆሮ፦ ድምፅዋ ደህና ነው። ከሥሩ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል።

ቀስታ፦ ምን?

ጆሮ፦ ላንተ አይሰማህም። ብሩሽ።

[ቀስታ ቀስ ብሎ ተነሳ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ አዞረ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቬንትሌተር መዞር ጀመረ። ተመልሶ ተቀመጠ።]

ቀስታ፦ አሁንስ?

ጆሮ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] አሁን ነፍስ ዘራ።

ቀስታ፦ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው ጋሼ። ከፈለጉ ሦስተኛ አስገባልዎታለሁ።