ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ለጤና መራመድ

ያለ ጉዳይ የሚራመድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን ጡረታ ወጣሁና ራሴው ሆንኩት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለጉልበቴ በየቀኑ እንድራመድ አዘዘችኝ። የባሮ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ ማንጎ ያጠላበታል፤ ዳዴ የሚል ሕፃንም ይዘልቀዋል። ችግሩ ሰላምታው ነው። ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነው?» ሲለኝ ምን ልበል? የትም? መዝገብ ቤት ስንት ዓመት የሠራሁ ሴት! ስለዚህ ክብሬን ለማዳን ባዶ ጀሪካን አንጠልጥዬ መውጣት ጀመርኩ።

ሦስት ቀን ተከበርኩ። በአራተኛው ጎረቤቴ አሪየት ከሴቶች ጋር ወንዙ ዳር ልብስ ስታጥብ አየችኝ።

«እማማ! ሁልጊዜ ባዶውን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ባሮ ደረቀ እንዴ?»

ከእጄ ነጥቃ እስከ አፉ ሞላችው። ሳነሣው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«አሪየት፣ ውሃ ልቀዳ አይደለም የመጣሁት። ጉልበቴን ስላመመኝ ነርስ ተራመጂ ብላኝ ነው።»

እኔንና ጀሪካኑን አፈራርቃ አየች።

«ጀሪካኑንም ጉልበቱን ያመዋል?»

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውሃውን በፊታቸው መድፋት ግን አሳፈረኝ፤ በዚያ ሜዳ መንገድ አምስት ጊዜ አርፌ ቤቴ ገባሁ።