እታለም ተጨማሪ አባል አይደለችም

ኩባንያ የሚከስረው በዕዳ ነው፣ በሌብነት ነው፣ በመጥፎ አስተዳደር ነው የሚሉ ሰዎች አክስቴን አያውቋትም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ በየቤተሰቡም አንዲት እንዲህ ያለች ሴት እንዳለች አውቃለሁ። እንዲህ ያለች ሴት የምትገዛው ለራሷ ሳይሆን ለዘር ማንዘሯ ነው። መሰላል ብትገዛ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ይወጣበታል። ጃንጥላ ብትይዝ ሦስት ሰው ታስጠልልና ራሷ ትበሰብሳለች። ታዲያ በየወሩ እየከፈሉ ፊልምና ድራማ የሚያዩበት አካውንት እጇ ሲገባ ምን እንደሚከተል ገምቱት።

በዘመድ መካከል ስሟ «ጣቢያው» ነው። ክብርት ጣቢያው ፓስወርዷን የምትናገረው ስልክ ቁጥሯን ከመናገሯ በፊት ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ለተቀመጠች ሴት ሰጥታለች። ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰው ሰጥታለች፤ ቧንቧው እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል፣ ሰውየው ግን ድራማውን ጨርሷል። ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ አፏ ደንዝዞ መናገር ቢያቅታት፣ የጥርስ ሐኪሙን መዳፍ ይዛ ጽፋለታለች። ነገሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «አካውንት የለሽም? አይ ምስኪን፣ ጻፊው።»

እኔ ደግሞ፣ አይድረስባችሁና፣ የምሠራው አካውንቱን በሚሸጠው ኩባንያ ውስጥ ነው። ክፍላችን «ገቢ ማሳደጊያ» ይባላል። ኩባንያው ለዓመታት ደንበኛ ሲያፍስ ኖሮ ትርፉ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ፤ ለድራማ የሚወጣው ገንዘብ ከደንበኛ ከሚገባው እየበለጠ ተቸገርን። አለቃዬ ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው፤ ቴክኖሎጂ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደንበኛው ምን እንደሚወድ ይገምታል፣ የገመተውን ያቀርብለታል፣ ደንበኛው ሳይሰለች ይቆያል፣ ማስታወቂያውም በልኩ ይሰፋለታል። አለቃዬ ስብሰባ ሲከፍት «ዳታው ይናገራል» ይላል። ሲዘጋም እንደዚያው ይላል።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የአንዲት ተመልካች መረጃ አሳየንና «ወርቃማዋ ተመልካች» ብሎ ሰየማት። ወርቃማዋ ቦክስ ታያለች። የድብ ግልገሎች የሚዘፍኑበትን የሕፃናት ፊልም ታያለች። ኬክ አጋገር፣ ሰርጓጅ መርከብ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የቀረበላትን ሁሉ ታያለች። የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም፣ የምትተኛም አትመስልም። አለቃዬ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አደነቃት። የዚህችን ሴት ልብ ካገኘን አተረፍን አለ። ቀጥሎ የፕሮፋይሏ ስም ግድግዳው ላይ ወጣ፤ «ሁላችንም» ይላል። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ።

አክስቴ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ፕሮፋይል እንድትከፍት ብለምናት «አንድ ቤት ስንት በር ሊኖረው ነው?» ብላ እምቢ ያለችኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወርቃማዋ ተመልካች ዘመዶቼ፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የጥርስ ሐኪሙ ነበረች። ኩባንያው ለዚያች ለሌለች ሴት የሚሆን ድራማ ሲያስጽፍ ከረመ። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብቤዋለሁ፤ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ኬክ የምትጋግር ቦክሰኛ ነበረችበት።

ማስታወቂያውም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ማሽኑ ለአክስቴ በአንድ ምሽት ዳይፐር፣ የጆሮ መስሚያ መሣሪያና የቦክስ ጓንት ያቀርብላታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እሷ ስልኳን ታነሳለች። ዳይፐሩን ለአጎቴ ልጅ ሚስት ታስታውቃለች፤ የመስሚያ መሣሪያውን ለጎረቤቷ፣ ለዚያውም ሕንፃው እስኪሰማ ጮኻ፣ ትነግራለች። «ያንተ ማስታወቂያ መጣ፣ ዋጋውም ቀንሷል» ትላለች። እውነት ለመናገር ያለ ደመወዝ የምትሠራ ብቸኛዋ የገቢ ማሳደጊያ ባልደረባ እሷ ነበረች።

በመጨረሻ ኩባንያው ነቃ። አዲስ ቴክኖሎጂ ተገዛ። የትኛው ቴሌቪዥን በየትኛው ቤት ኢንተርኔት እንደሚሠራ ይለይና አንዱን ቤት «ዋና ቤት» ብሎ ሌላውን ሁሉ ይቆልፋል። የተቆለፈበት ሰው ወይ የራሱን አካውንት ይገዛል፣ ወይ ባለአካውንቱ ትንሽ ጨምሮ «ተጨማሪ አባል» ያደርገዋል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ድራማ በጸሎት አይሠራም፤ የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው። በተቆለፈው ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ያጸደቅነው እኛ ነን። «ይህ ቴሌቪዥን የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም» ይላል። አጭርና ግልጽ ነው ተባብለን ተጨባበጥን።

ዘመድ አዝማዱ ትንሽ አጉረምርሞ የየራሱን ገዛ። የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር ገዛ። አለቃዬ በዚህ ጉዳይ ትክክል ነበር፤ አልክደውም። አክስቴም አልተቀየመችም። ልጆቹ አደጉ፣ ራሳቸውን ቻሉ አለችና ተወችው። ያልተዘጋ ሒሳብ የቀረው በአንድ ቤት ብቻ ነው።

ታላቅ እህቷ የምትኖረው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። አክስቴ «እታለም» ነው የምትላት፣ እኛም እንደዚያው። እታለም ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ቀን የምታግዛት ሴት አለች፤ ሲመሽ ብቻዋን ናት። የአክስቴም ጉልበት አውቶቡስ የሚያሳፍር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ከተያዩ ቆይተዋል። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ግን አንድ ድራማ አብረው ያያሉ፤ በወደብ ከተማ የሚኖሩ፣ በአባታቸው ጀልባ የሚጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደርጉና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው እኩል ይጫኑታል። ከዚያ ክፉውን ወንድም አብረው ይረግማሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ መሐል ላይ አስቁመው ስለ ጉልበት ያወራሉ። እታለም ከሳምንቱ ሁሉ አጠገቧ ሰው ያለ የሚመስላት በዚያች ሰዓት ነው። ይህን ራሷ ነግራኛለች።

ቁልፉ እታለም ቤት የደረሰው ድራማው የመጨረሻው ክፍል ሲቀረው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ። አክስቴ ቤት ወደቡ መጣ። እታለም ቤት ጽሑፉ መጣ። እታለም መነጽሯን በዳበሳ ፈልጋ አደረገችና፣ እኛ ያጸደቅነውን ዓረፍተ ነገር በስልክ ለእህቷ ቃል በቃል አነበበችላት። ከዚያም «ምን አጠፋሁ?» አለቻት።

አክስቴ የራሷን ቴሌቪዥንም ወዲያው አጠፋች። በማግስቱ ተጠራሁ።

የአክስቴ ሳሎን ሁለት ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ይዛ ትሞላለች። ሪሞቱ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሻይ አልቀረበልኝም፤ ነገሩ መክፋቱን ያወቅኩት በዚህ ነው። ስለ ቴክኖሎጂው፣ ስለ ወጪያችን፣ ስለ ውድድሩ አስረዳኋት። በመጨረሻ ሒሳቡን እኔ እንደምከፍል ነገርኳትና ስልኳን ተቀብዬ ገጹን አሳየኋት።

«እዚህ ጋ 'ተጨማሪ አባል ያክሉ' የሚለውን ትነኪያለሽ፤ አለቀ።»

«ማንን ነው ተጨማሪ የማደርገው?»

«እታለምን ነዋ።»

ስልኳን ከእጄ ወሰደች። «እኔ ስወለድ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አዝላ አሳድጋኛለች። እኔ ነኝ በእሷ ላይ የተጨመርኩት። ይሄን ለማሽንህ ንገርልኝ።»

ገንዘቡ ብዙ አይደለም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ስለ ገንዘብ ማን አወራ አለችኝ፤ ለሁለት ቤት የሚሆን ብር አላት። ከዚያ የደንበኞች አገልግሎት ደወለች። ስልክ የሚያነሱት የእኛ ሠራተኞች ሳይሆኑ ከሌላ ድርጅት በኮንትራት የመጡ ናቸው። ድምፅዋ የደከመ አንዲት ሴት አነሳችና ከፊቷ ያለውን ጽሑፍ አነበበችላት፤ ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አክስቴ በትሕትና አንድ ጥያቄ አለኝ አለችና የሴትዮዋ እናት የት እንደሚኖሩ ጠየቀቻት። ሩቅ ናቸው አለች ሴትዮዋ። ታዲያ እሳቸው ምንሽ ናቸው አለቻት። መልሱ ጽሑፉ ላይ የለም።

ክርክሩ እዚያ ያልቃል ስል አክስቴ ድምፅዋን አለዘበች። «ለመሆኑ አንቺስ ታዪያለሽ? በነፃ ይሰጧችኋል?» አይሰጡንም አለች ሴትዮዋ። «አይ ምስኪን፣ ጻፊው» አለቻት። ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ። ጥሪው ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀዳ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። ዋና ቤት የሚባለው አንድ ብቻ መሆኑን ጠየቀች፤ አንድ ብቻ ነው አልኳት። የግድ የከፋዩ ቤት መሆን እንዳለበት ጠየቀች፤ የግድ አይደለም አልኳት።

«እንግዲያው ዋናው ቤት የእታለም ይሁን።»

«ያኔ ያንቺ ይቆለፋል» አልኳት። «እየከፈልሽ እዚህ ተቀምጠሽ ምንም አታዪም።»

«ይቆለፍ።»

በራሴ እጅ ቀየርኩት። የማረጋገጫው ቁጥር በአክስቴ ስልክ መጣ፣ እታለምን ቀን ለምታግዛት ሴት በስልክ ተነገረ፣ እሷም ሞላችው። ወዲያው የአክስቴ ቴሌቪዥን የዚህ ቤተሰብ አባል እንዳልሆነ አስታወቀ። አክስቴ ጽሑፉን አንብባ ጨርሳ ጨርቅ አለበሰችው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ወርቃማዋን ተመልካች በጭንቀት ሲያፈላልግ አገኘሁት። ያች ሁሉን የምታይ ሴት በድንገት ረቡዕ ማታ አንድ ድራማ ብቻ የምታይ ሆናለች፤ ዳታው ዝም ብሏል። አክስቴ ናት አልኩት። ዝርዝሩን ነገርኩት፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ጭምር። ቁልፉን ተወው አላልኩትም። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን አንሱት፣ ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ መናገር የእኛ ሥራ አይደለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ እዚያ ጽሑፍ ሥር አይኖርም አልኩ። አለቃዬ ሐሳቡ ለጥናት እንዲመራ ወሰነ። ለጥናት የተመራ ነገር ዕጣው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ግድ የለም፤ በየሰኞው አነሳዋለሁ። የማን የእህት ልጅ እንደሆንኩ ገና አልገባቸውም።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ጨርቅ በለበሰው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታለች። እታለም በዚያኛው ጫፍ ስልኳን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ ይዛለች። ወደቡ፣ ማዕበሉ፣ የወንድማማቾቹ ጭቅጭቅ እየተንኮሻኮሸ ይመጣል። እኔም እንደ ተከሳሽ መቀመጥ አቃተኝና የሠራተኛ አካውንት እንዳለኝ፣ በነፃ የተሰጠኝ እንደሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ልከፍትላት እንደምችል በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ከፍለህበታል?»

«አልከፈልኩበትም።»

«እኔ የማካፍለው የከፈልኩበትን ነው» አለችኝና ወደ ስልኩ ተመለሰች። ቢሯችን ውስጥ እንደ እሷ አካውንታቸውን የሚያካፍሉ ሰዎችን የምንጠራበት ስም አለን። እዚህ አልጽፈውም፤ አፍሬበታለሁ።

«መጣ» አለች እታለም። «ታናሽየው መጣ። ባርኔጣውን አውልቋል።»

«ከስቷል?»

«ከስቷል እንጂ፣ አጥንቱ ነው የቀረው። ታላቅየው አላየውም፤ ገመድ እየፈታ ነው። አሁን ዞረ።»

ይህን ክፍል ቢሮ ውስጥ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ያየሁትም፣ ተመልካቹ የቱ ጋ ሰልችቶት እንደሚወጣ ለመገመት ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣሁ፣ አንዳንዱን ቦታ እየዘለልኩ። አሁን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቅኩ፣ ትንፋሼን ይዣለሁ። አለቃዬ ይህን ቢያነብ በስልክ የሚያልፍ የድራማ ድምፅ የሚለይ ማሽን ይገዛ ይሆናል። ይግዛ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ከዚያ በኋላም መላ አያጡም።

ከዚያ ንግግሩ ቆመ። ማዕበል ብቻ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሙዚቃው።

«እታለም? ወንድማማቾቹ ምን ሆኑ?»

የሆነውን ስለማውቅ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ አክስቴ ሳታየኝ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። ጠበቀች። በመጨረሻ የእታለም ድምፅ መጣ።

«ቆይ እነግርሻለሁ። ልቅሶዬን ልጨርስ።»

አክስቴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት ማልቀስ ጀመረች። እኔም የማላደርገው ይመስለኝ የነበረውን አደረግኩ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አክስቴ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች ስልኩን ከጭኗ አነሳችና በሁለታችን መካከል ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«ጠጋ በል» አለችኝ፣ «እዚያ ሆነህ በደንብ አይሰማህም።»