ፎር ዊል ናት ያልኳት መኪና

በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በረዶ ሊጥል ነው በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ወተትና ዳቦ ሊገዛ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ወተት የማይጠጣው ሰው ሳይቀር ሁለት ጋሎን አቅፎ ሲወጣ ታዩታላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት እሱም አያውቀውም። ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ይልና ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ከፍ ያለ መኪና ያለው ማን እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይህን ያሰበ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የሚደርስበት መልስ እኔ ነበርኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ድሮ የነበረችኝ አውቶሞቢል መሬት ለመሬት የምትሄድ ነበረች፤ አንድ ዓመት በረዶ ሲጥል አፓርትመንታችን በር ላይ ተቀብራ ሦስት ቀን ከሥራ አስቀረችኝ። በሦስተኛው ቀን በአካፋ ቆፍሬ ቆፍሬ ወገቤ እስኪቆረጥ ያወጣኋት የጎረቤቴ መኪና ሆና ተገኘች። ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ በረዶ ደግሞ ታርጋ አያሳይም። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስንገናኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው ሰላም የሚለኝ። እኔ ግን የዚያኑ ወር ሄጄ ኤስዩቪ ገዛሁ።

ትንሽ ኤስዩቪ ናት። ትንሽ የሚሏት እንግዲህ ፈረንጆቹ ናቸው። እኔ ከዚያች አውቶሞቢል ወርጄ እሷ ላይ ስወጣ ፎቅ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። የሸጠልኝ ሰው ፎር ዊል ናት አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ምን ይጠየቃል? ከፍ ብላ ቆማለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይረዳኛል፤ እኛ ዘንድ ከመሬት ከፍ ያለች መኪና ሁሉ ፎር ዊል ናት፣ አለቀ። የአራቱን ጎማ ጉዳይ አጎንብሶ የሚያጣራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደግሞም ማስረጃ ነበረኝ። ከመሪው በስተግራ አንዲት የምትጫን ቁልፍ አለች። ላይዋ ላይ ትንሽ መኪና ተሥላ፣ ከመኪናዋ ኋላ ሁለት ጠመዝማዛ መስመሮች ይታያሉ። ስትጫኗት ፊት ለፊት ቢጫ መብራት ቦግ ይላል። እኔ በረዶ ባየሁ ቁጥር ይህችን ቁልፍ በክብር እጫንና አብሮኝ ወዳለው ሰው ዞር ብዬ «አሁን አራቱም ያዙ» እላለሁ። ተሳፋሪው ቀበቶውን ጠበቅ ያደርጋል። ባለቤቴ አልማዝ ብቻ አንድ ቀን «የመኪናውን ማንዋል አንብበኸዋል?» ብላኛለች። ማንዋል የሚያነበው መንዳት ያልቻለ ሰው ነው ብዬ መለስኩላት። ይህን መልስ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳኛለች።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ብርሃኑና ሰናይት የሚባሉ ወዳጆች አሉኝ። በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሶሊያና አሏት። እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት እንዴት እንዳለፉ የሚያውቁት እነሱና እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር የሚኖሩ የሰባ ዓመት እናት ናቸው። ሰናይት መጀመሪያ አሜሪካ ስትመጣ ያስጠጓት እሳቸው ናቸው፤ ስታለቅስም አብረዋት ያለቀሱት እሳቸው። «ይህች ልጅ ወልዳ ክርስትና ላንሳላት» ብለው ተስለው ነበር። ስእለታቸው ሰመረ። ታዲያ የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። በረዶው ደግሞ ዓርብ ጠዋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሲጥል አመሸ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ብርሃኑ ነው።

«ጋሼ፣ እትዬ ዘነበችን ሊያመጣቸው የነበረው ራይድ ካንስል አደረገባቸው። የልጃቸውም መኪና ፓርኪንግ ውስጥ ተቀብራለች። ቄሱ ከተቸገራችሁ ሌላ ቀን ይሁን ብለው ነበር፣ ሰናይት ግን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ሰማንያኛውን ቀን አላሳልፍም፣ ያለ እትዬም አላስነሳም ብላ ቁጭ ብላለች። ፎር ዊል ያለህ አንተ ብቻ ነህ።»

«ምን ችግር አለ!» አልኩት።

ሦስት ቃል ናት። በዚህ አገር ከፈረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ የዚህችን ሦስት ቃል ያህል ያሰረኝ የለም።

ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ ደህና ነበር፤ ጨው ሲረጭበት አድሮ ጥቁር አስፋልቱ ይታያል። የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ላንድማርክ ስደርስ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ የአማቻቸውን ቦት ጫማ አጥልቀዋል፣ ሁለት ቁጥር ይበልጣቸዋል። በእጃቸው ትልቅ ፌስታል ሙሉ ቆሎ ይዘዋል። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው፣ ሁሉም አለበት። ከኋላ ላስቀምጠው ብላቸው እምቢ ብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ቁርስ ሳልበላ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እጄን ወደ ፌስታሉ ልኬ ነበር። ጣቴን መታ አደረጉኝ።

«ለክርስትናው ነው!»

«አንድ ጭብጥ እትዬ...»

«እኔ ጾሜን እያለሁ አንተ ትቆረጥማለህ? መንገዱን እይ።»

መንገዱን አየሁ። እየነዳሁም ስለ መኪናዬ አወራኋቸው። ከፍታዋን፣ ጉልበቷን፣ ባለፈው ዓመት ከጀርመንታውን ሰው እንዴት እንዳወጣሁባት። እሳቸው አልፎ አልፎ «ተመስገን» ይላሉ። ለኔ ይሁን ለመኪናዋ ወይስ መድረስ ለመቃረባችን አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከአንድ አቀበት ጫፍ ላይ ነው። አቀበቱ የሰፈር ውስጥ መንገድ ስለሆነ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ገና አልደረሰበትም። ከታች ቆም አልኩ፣ ቁልፏን ተጫንኩ፣ «አሁን አራቱም ያዙ» አልኩና ነዳጅ ሰጠሁ። መኪናዋ እስከ አቀበቱ ግማሽ ቆንጆ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። ጎማው ያፏጫል፣ እኛ ወደ ኋላ እንንሸራተታለን። ሁለተኛ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ወደ ጎን ሄደን የሰው ፖስታ ሳጥን ልንስም አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

ብርሃኑ ደወለ። «ጋሼ፣ ቄሱ ውሃውን ሊባርኩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ይገባሉ። የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል!» አልኩት። አንድ ወገናችሁ ደርሻለሁ ሲላችሁ ገና ካልሲ እየፈለገ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ለአንዴ እንኳ እውነቴን ነበር፤ ጉልላቱ ከፊታችን ይታየናል። ልንነካው አለመቻላችን ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። የአማቻቸው ቦት ጫማ እግራቸውን ይዞ ቁልቁል መንገድ ጀመረ። እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው። ባለፈው ዓመት ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን ተደርገዋል፤ ወድቀው ቢሰበሩ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? በዚያች ሰዓት በእውነት ፈራሁ። ሰናይት ልጇን አቅፋ በር በሩን ስታይ በሐሳቤ ታየችኝ።

«ልሸከምዎት እትዬ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተንስ ማን ይሸከምልኛል?»

ይህን ጊዜ ከወዲያ ማዶ በሩን ከበረዶ ሲጠርግ የነበረ ሰው አካፋውን ይዞ መጣ። የኛው ሰው ነው፤ ካሳሁን ይባላል፣ ሥራውም ጋራዥ ነው። ሰላም ብሎን «እስቲ ነዳጅ ስጣት» አለኝና አጎነበሰ። ሰጠሁ። በበረዶው ላይ ተንበርክኮ ከሥር አያት። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ጋሼ፣ የፊቱ ብቻ ነው የሚዞረው።»

«የኋላው ቀዝቅዞበት ይሆናል» አልኩ።

«አይ ጋሼ። ይቺ ከኋላ የሚያዞራት ነገር የላትም። ስትሠራም አልነበራትም።»

ቁልፏን አሳየሁት። ቢጫውን መብራት አሳየሁት። ካሳሁን ጨዋ ሰው ነው፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠው። «ይሄማ መንሸራተት የሚከላከለውን የሚያጠፋ ነው» አለኝ። አያችሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ በረዶ በመጣ ቁጥር አምላክና ፋብሪካው የሰጡኝን ጥበቃ በገዛ ጣቴ እያጠፋሁ፣ በኩራት፣ ሰው አሳፍሬ ስዞር ከርሜያለሁ። እትዬ ዘነበችን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጨው አለህ?» አልኩት ካሳሁንን። በሩ ላይ ጨርሶታል። አሸዋም የለም። የመኪናዋን ምንጣፍ አውጥተን ከጎማው ሥር ብናስገባው ጎማው ጎርሶ ወደ ኋላ ተፋው፤ በካሳሁን ጆሮ ሥር አለፈ። ብቻ ከጎማው ሥር ሻካራ ነገር ያስፈልጋል አለ፣ ጠጠር ቢጤ፣ ደረቅና ብዙ።

ከውስጥ የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ። «ቆሎውስ?»

እኔና ካሳሁን እኩል «እህል?!» አልን። እህል በእግር እንኳ አይረገጥም ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ መሬት ላይ የወደቀች ፍሬ አንስተን ግንባራችንን አስነክተን እንስማለን። ጎማ ሥር ማንጠፍማ ማን ሰምቶ ያውቃል? እትዬ ዘነበች ፌስታሉን ለጥቂት ጊዜ አቅፈው ቆዩ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ቆመው የቆሉት ነው። ከዚያ አማተቡ፣ ቋጠሮውን ፈቱ።

«ለክርስትናው ነው የመጣው፤ ለክርስትናው ይዋል» አሉ።

ካሳሁን ቆቡን አውልቆ ተቀበላቸው። በግራም በቀኝም እፍኝ እፍኝ እያደረገ እንደሚዘራ ሰው በተነው፤ ከጎማው ሥርም ወደ ፊትም። ቁልፏን መልሼ ተጫንኩ፣ ቢጫዋ ጠፋች። ካሳሁን ከኋላ ገፋ፣ እኔ በቀስታ ነዳጅ ሰጠሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ማየት አልፈለጉም። መኪናዋ ያዘች። ቀጭ ቀጭ እያለች ሽምብራውን፣ ገብሱን፣ ሱፉን አልፋ አቀበቱን ወጣች፣ እኔም እበሩ ድረስ ፍሬን የሚባል ነገር አልነካሁም።

ሰናይት በሩ ላይ ነበረች። ቄሱ ከኋላዋ ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ ዘነበች በአማቻቸው ጫማ እየተጎተቱ ሄደው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰናይትም ልጇን አስታቀፈቻቸው። እኔ አለቀስኩ። ከደስታ ነበር፤ ጥቂቱ ግን ከኀፍረት እንደነበር አልደብቃችሁም።

ማታው ድግስ ላይ ብርሃኑ ብርጭቆውን አንስቶ ተነሳ። «ዛሬ የጋሼ ፎር ዊል ባትኖር...» ብሎ ሲጀምር ሰው አጨበጨበ። ተነስቼ እውነቱን ተናገርኩ። ፎር ዊል አይደለችም፣ ሆናም አታውቅም፣ እኔም አላዋቂ ነኝ አልኩ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ጭብጨባው በእጥፍ ጨመረ። «ትሕትናው!» አለች አንዷ። «የድሮ ሰው እኮ ነው!» አለ ሌላው። በኛ ሰው ፊት ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መታመን ከፈለጋችሁ ከባድ ሥራ ነው። ለምስክርነት ወደ እትዬ ዘነበች ዞርኩ። ልክ ያን ጊዜ አንድ ሰው «እትዬ፣ ያ ቆሎዎትስ ዘንድሮ የለም እንዴ?» አላቸው።

«መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰጠሁት» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ግብዣው ላይ የተጠራው ካሳሁን ጠጋ ብሎ፣ ሲመለስ ወፎች አቀበቱን ሞልተውት እንዳገኘና ከሰዓት አንዲት ፍሬ እንዳላስቀሩ ነገራቸው። እትዬ ዘነበች ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ማንዋሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ፤ አልማዝ እያየችኝ። የበረዶ ጎማም አስገብቻለሁ። ለደወለልኝ ሁሉ ፎር ዊል የለኝም እያልኩ እምላለሁ፤ «ታዲያ እትዬ ዘነበችን በምን አመጣሃቸው?» ይሉኛል። የሶሊያና የልደት በዓል በመጪው እሑድ ነው። በረዶ ይጥላል ብለዋል። ትናንት ስልኬ ሲጮህ እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ልጄ፣ እሑድ በጠዋት ና ውሰደኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ እርስዎማ መኪናዋን ያውቋታል» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃታለሁ። ስለዚህ ነው ሁለት ፌስታል የቆላሁት። አንዱ ለእንግዳ ነው፤ አንዱ ለጎማ።»