የኩርሲው አራተኛ እግር

[ጠባብ የቆዳ ቦርሳ መስፊያ ክፍል። ግድግዳው ላይ መቀስ፣ መዶሻና የክር ጥቅልሎች ተሰቅለዋል። ባለሱቁ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ ክር ሰም ይቀባል። ሰውየው አንድ ጥያቄ ለመመለስ አንድ ሻይ የሚያቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚወስድ ሰፈሩ «ዝግታ» ይለዋል። የሚስቱ ወንድም መጋዝ ይዞ ከፊቱ ተንበርክኳል። እሱ ደግሞ «ከቻይና ጋር እንዴት እንነግዳለን» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ሰፈሩ የሰውየውን እውነተኛ ስም ረስቶ «ሴሚናር» ይለዋል።]

ሴሚናር፦ ተነሣ ስልህ! አንዱን ብቻ ነው የምቆርጠው!

ዝግታ፦ ኩርሲው አራት እግር ነው ያለው።

ሴሚናር፦ ችግሩስ እሱ አይደል! ቻይናዎች አራት ቁጥርን አይወዱም። አንዳንድ ሊፍት ላይ ከሦስት ቀጥሎ አምስት ነው የሚመጣው። ተምረነዋል።

ዝግታ፦ (አስቦ) አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሰዎች ታዲያ በምን ይወጣሉ?

ሴሚናር፦ እሱ በአራተኛው ቀን የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር።

ዝግታ፦ ሜትሬ ላይ ያሉትን የአራት ቁጥሮች በፕላስተር የሸፈንከውም ለዚሁ ነው?

ሴሚናር፦ ለዚሁ ነው።

ዝግታ፦ አርባውም አብሮ ተሸፈነ። እኔ ማንገቻ የምቆርጠው አርባ ላይ ነበር። ትናንት በግምት ቆረጥኩ።

ሴሚናር፦ ግምትህ እንዴት ነው?

ዝግታ፦ አንዱ ብብት ሥር ይወተፋል፤ አንዱ መሬት ይጠርጋል።

ሴሚናር፦ አየህ? ለአጭርም ለረጅምም ደንበኛ ሆነ! ገበያ ማስፋት ማለት ይኸው ነው። በል ተነሣ።

ዝግታ፦ እግሬን ከአራተኛው እግር ፊት ባደርገውስ?

ሴሚናር፦ (መጋዙን አስቀምጦ ለትንሽ ጊዜ ያየዋል) ከኔ ጋር መዋል እንዴት እንደጠቀመህ! በቃ፣ እንደሱ አድርግ። እግሩ ይኖራል፤ ግን አይታይም። አሁን እህቴ ፊት የገባኸውን ቃል ድገምልኝ።

ዝግታ፦ እህትህም ሰምታለች፣ አንተም ሰምተሃል።

ሴሚናር፦ ድገመው። አንተ ሰው፣ እኔ አላምንህም።

ዝግታ፦ ዛሬ በስልክ በቀጥታ እያሳየን፣ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ አሥር ቦርሳ ለቻይናዎች ከሸጥን፣ በእጄ መስፋቴን እቀጥላለሁ። አሥር ካልሞላ፣ አባቴ የተወልኝን የልክ ማውጫ ካርቶን ቻይና ላለው ፋብሪካ ትልካለህ። ከዚያ ወዲያ የሚሰፋው ማሽን ነው። እኔ ደግሞ...

ሴሚናር፦ የመጋዘን ኃላፊ!

ዝግታ፦ መጋዘን እኮ የለንም።

ሴሚናር፦ ሥራው ቀላል ነው ያልኩህስ ለምን መሰለህ?

ዝግታ፦ (ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረውን ካርቶን ቀና ብሎ ያያል) የፋብሪካዋ ሴትዮ ምን አለች?

ሴሚናር፦ እሷ? ከኔ ሌላ ሰው የላትም። በቀን አሥራ አምስት የድምፅ መልእክት እልክላታለሁ። ስልኳ እየተረጎመ ይጽፍላታል። ድምፄን ከእናቷ ድምፅ ይልቅ ለይታ ታውቀዋለች።

ዝግታ፦ ቆዳው እውነተኛ ቆዳ ነው ወይ ብለህ ጠየቅካት?

ሴሚናር፦ ጠየቅኋት። «ምንም ችግር የለም» አለች።

ዝግታ፦ ማዕዘኑስ በእጅ እንደሰፋሁት ይይዛል?

ሴሚናር፦ «ምንም ችግር የለም።»

ዝግታ፦ መቼ ነው የሚደርሰው?

ሴሚናር፦ «ምንም ችግር የለም።»

ዝግታ፦ ስሟን ማን አለችህ?

ሴሚናር፦ እሱንም... ችግር የለም ነው ያለችው።

ዝግታ፦ እኔ ግን ትንሽ ችግር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሴሚናር፦ ለዚህ ነው ሀብታም ያልሆንከው! (ስልኩን አውጥቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ማስቲሽ ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ያቆማል) ስማ፣ በደንብ ስማ። ከስልኩ ጀርባ ሦስት የካሜራ ዓይኖች አሉ። እኔ በዚያ በኩል፣ በሦስቱ ዓይኖች ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አንተ በስክሪኑ በኩል ሆነህ ቻይናዎቹ የሚጽፉትን ታነብልኛለህ። ስልኩ ራሱ ወደ እኛ ቋንቋ ይገለብጠዋል።

ዝግታ፦ መስፋቱን ልተው?

ሴሚናር፦ አትተው፣ እጅህ ሥራ ሲፈታ ታፈጣለህ። ብቻ እዚህ የለህም፤ ገባህ? ዛሬ አንተ አልተፈጠርክም። ቀዩን ተጫን።

ዝግታ፦ (ቀዩን ይጫናል) እዚህ ላይ እጄን አያለሁ።

ሴሚናር፦ ምን?

ዝግታ፦ ስክሪኑ ላይ። የራሴ እጅ ነው። መርፌውም አለ።

ሴሚናር፦ አማቼ፣ ስክሪን ከምን ይሠራል? ከመስታወት! መስታወት ፊት ቆመህ ራስህን ብታይ ምን ይገርማል? ሦስት ዓይን እኔ ላይ አፍጥጦ፣ የት አባቱ አንተን ያያል?

ዝግታ፦ እሺ። ሴሚናር የሄድከው አንተ ነህ።

[ሴሚናር ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ከስልኩ ጀርባ ቆሞ እጆቹን እንደ ሰባኪ ይዘረጋል። ዝግታ ስክሪኑ ፊት አንገቱን ደፍቶ የቦርሳውን ማዕዘን ይሰፋል።]

ሴሚናር፦ የተከበራችሁ የቻይና ሕዝብ! ይህ ቦርሳ ተራ ቦርሳ አይደለም! ይህ ቦርሳ ከዝናብ፣ ከፀሐይ፣ ከሌባ፣ ከምቀኛ ይጠብቃል! እቃ ሳይገባበት ራሱ ሞልቶ የሚታይ ቦርሳ ነው! ስንት ሰው መጣ?

ዝግታ፦ ሦስት።

ሴሚናር፦ ሦስት ሺህ?

ዝግታ፦ ሦስት ሰው።

ሴሚናር፦ ለቻይና ሦስት ሰው መነሻ ነው። አንብብ!

ዝግታ፦ አንዷ «እጆቹ እንዴት ያምራሉ» ትላለች።

ሴሚናር፦ (እጆቹን አገላብጦ ያያል) ጠዋት ቫዝሊን ቀብቻቸው ነበር። ቀጥል!

ዝግታ፦ «አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳ ምን ሆኖ ነው?»

ሴሚናር፦ ጠባሳ? እኔ ጠባሳ የለኝም። ስልኳ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ምስኪን። ቀጥል!

ዝግታ፦ እኔ ግን አለኝ። ልጅ ሆኜ ወስፌ...

ሴሚናር፦ አልተፈጠርክም ብያለሁ!

ዝግታ፦ እሺ። ሌላው ደግሞ «ዝምታው ልብ ያሳርፋል» ብሏል።

ሴሚናር፦ «ንግግሩ» ለማለት ነው። ትርጉሙ የማሽን ነው፣ አንዳንዴ ይገለብጣል። የተከበራችሁ! ይህን ቦርሳ አንድ አንበሳ ሁለት ቀን ሙሉ አኝኮት፣ ጥርሱ ረግፎ ይቅርታ ጠይቋል!

ዝግታ፦ ሦስት መቶ ሰው ገባ። አንድ ቦርሳ ተሸጠ።

ሴሚናር፦ የአንበሳው ነገር ነው የያዛቸው!

ዝግታ፦ ብዙ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጽፋል። «ከጀርባ የሚጮኸውን ሬዲዮ እባካችሁ አጥፉልን።»

ሴሚናር፦ ሬዲዮ? እኛ ሬዲዮ የለንም!

ዝግታ፦ የለንም።

ሴሚናር፦ ይሄ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው! ሁሌ እኔን ሊያኮላሽ ነው! ቆይ! (እየተንደረደረ ይወጣል)

[ክፍሉ ጸጥ ይላል። ክሩ ቆዳውን ሲያልፍ ብቻ ይሰማል። ስልኩ ኪው፣ ኪው፣ ኪው ይላል። ሴሚናር አንድ ጥንድ ባትሪ ይዞ ይመለሳል።]

ሴሚናር፦ ሬዲዮዬ ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው ብሎ ይምላል። እኔ ግን ባትሪውን አውጥቼ መጣሁ፤ አጉል መተማመን አያስፈልግም። ምን ተባለ?

ዝግታ፦ «ጠፋ! ተመስገን!» አሉ። ሁለት ሺህ ሰው ደርሷል። አንተ ውጭ ሳለህ አራት... ይቅርታ፣ ሦስትና አንድ ቦርሳ ተሸጠ።

ሴሚናር፦ አየህ! የተናገርኩት ቀስ ብሎ ሲሠርጽ! የተከበራችሁ የቻይና ሕዝብ! ተመልሻለሁ!

ዝግታ፦ «ሬዲዮው ተመለሰ፤ ወይኔ» ይላሉ።

ሴሚናር፦ (ባትሪዎቹን እያየ) ያለ ባትሪ? ይሄ ሰውዬ ጠንቋይ ነው!

[ሴሚናር ሌላ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ይመለሳል፤ አንዴ የፀጉር አስተካካዩን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅሎ፣ አንዴ ሬዲዮውን ራሱን በብብቱ ይዞ። የግድግዳው ሰዓት ለስድስት አምስት ጉዳይ ነው።]

ሴሚናር፦ (ድምፁ ጎርንኖ) ስንት ሆነ?

ዝግታ፦ ስድስት ቦርሳ።

ሴሚናር፦ ስድስት። አሥር አይደለም። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ አንበሳም አስመስክሬያለሁ። ቃል ቃል ነው፣ የእህቴ ባል። (ካርቶኑን ከግድግዳው አውርዶ ከተዘጋጀው ፖስታ ውስጥ ማስገባት ይጀምራል)

ዝግታ፦ (ቀና ሳይል) ጠርዙን አትጠፈው። የአባቴ ጣት ያረፈበት ነው።

ሴሚናር፦ አላጥፈውም። (ቀስ ብሎ) አየህ፣ ለክፋት አይደለም። ዓይንህ እየደከመ ነው፤ እህቴ ታለቅሳለች።

ዝግታ፦ አውቃለሁ። ብቻ ይህቺን ማዕዘን ልጨርሳት። (የመጨረሻውን ስፌት ስቦ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል። ስልኩ ኪው ይላል) አንዲት ሴትዮ ጽፋለች። ረጅም ነው።

ሴሚናር፦ አንብብ፤ የመሰናበቻ ይሆናል።

ዝግታ፦ «እኔ የፋብሪካው ሠራተኛ ነኝ። የቦርሳችሁን ፎቶ አይተን ናሙና ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ማዕዘኑ እየተቀደደ አስቸገረን። ዛሬ እጁን ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። በማሽናችን አይሠራም። ችግር አለ።» (መርፌውን ያስቀምጣል) ችግር አለ አለች። በመጨረሻ።

ሴሚናር፦ የኔዋ ሴትዮ?!

ዝግታ፦ አላለቀም። «ካርቶኑን አትላኩ። እኔ ግን ለራሴ አንድ፣ ለእናቴ አንድ፣ ለሁለት እህቶቼ ሁለት፣ በድምሩ አራት አዝዣለሁ።» ስድስትና አራት አሥር ሆነ። ሰዓቱም ስድስት ሞላ።

ሴሚናር፦ አራት? አራትማ አይሆንም! ቻይናዊ አራት አይገዛም!

ዝግታ፦ ከሁለቱ እህቶቿ አንዷን ትተዋት ብዬ ልጻፍላት?

ሴሚናር፦ (ካርቶኑን ከፖስታው ቶሎ ያወጣል) ተወው፤ ቤተሰብ አናጣላ።

ዝግታ፦ ስለ ሬዲዮውም ጽፋለች። «ሬዲዮው ላይ የሚናገረው ሰው፣ በቀን አሥራ አምስት የድምፅ መልእክት የሚልክልኝ ሰውዬ ነው። ድምፁን የትም ብሰማ አልስተውም። ጋዜጠኛ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። ቦርሳዎቹን ስትልኩ ሬዲዮው አይጨመር።»

[ሴሚናር የፀጉር አስተካካዩን ሬዲዮ እንዳቀፈ ጠረጴዛውን ዞሮ ከጎን ወደ ስክሪኑ ያጎነብሳል። ስክሪኑ ላይ ሁለት እጆች፣ አንድ ቦርሳና አውራ ጣት ላይ ያለ ጠባሳ ይታያሉ። ከሴሚናር አንዲት ፀጉር እንኳን የለችም። በአንድ እጁ አፉን ይከድናል። ስልኩ ኪው ይላል።]

ዝግታ፦ «ጠፋ! ተመስገን!»

ሴሚናር፦ (በሹክሹክታ) ለምን አልነገርከኝም?

ዝግታ፦ እጄን አያለሁ አልኩህ። መስታወት ነው አልከኝ።

ሴሚናር፦ እና እኔ ያልኩህን ሁሉ ታምናለህ?

ዝግታ፦ ሴትዮዋ ማዕዘኑ ላይ ችግር አለ እስክትል ድረስ አምኜህ ነበር።

ሴሚናር፦ (ሬዲዮውን መሬት ላይ ያስቀምጣል) ለእህቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ዝግታ፦ አሥሩም ተሸጠ በላት። አንተም ጠዋቱን ሙሉ ቆመህ መዋልህን እኔ እመሰክራለሁ። በወጣህ ቁጥር ገበያው እንደሚደራም እነግራታለሁ።

ሴሚናር፦ ነገስ? ነገ የኔ ሥራ ምንድነው?

ዝግታ፦ (ካርቶኑን ወደ ቦታው ሰቅሎ ይመለሳል፤ ኩርሲው ላይ ተደላድሎ እግሩን እንደ ጠዋቱ ያስተካክላል) የአራተኛው እግር ሥራ። ትኖራለህ፤ ግን አትታይም።

ሴሚናር፦ እሺ... መናገርስ?

ዝግታ፦ (እንደ ልማዱ ቆይቶ፣ አስቦ) እግር ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?