ያልተጠሩት እማኝ

ሁለት ሰዎች በተስማሙበት ቦታ ሁሉ አንድ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም። ማንም አልጠራውም፤ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ያለቀውን ነገር እንደገና ያስጀምረዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ካለ ለደመቀች ይንገራት፤ ነገ ጠዋት ጓዟን ጠቅልላ ትገባበታለች።

በጋምቤላ ከተማ፣ እሷ በምትኖርበት ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ኃይለኢየሱስ ነበሩ። በደርግ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። መንግሥት ተለወጠ፣ ጋምቤላ ክልል ሆነች፣ አዳዲሶቹ ቢሮዎች አዳዲስ ሰው ቀጠሩ፤ ክቡርነታቸውን ያስታወሰ አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ ቢተዋቸውም እሳቸው አልተዉትም። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰው የተጨባበጠበትን ደጅ ሁሉ ሲያስሱ ይውላሉ።

ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ገብቶሽ ነው እሺ ያልሽው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ ኑዌሩም፣ አኙዋኩም፣ ደገኛውም በየቤቱ የየራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ ገበያ ላይ የሚገናኘው በአማርኛ ነው። ከአማርኛ ደግሞ ሁሉም ቀድሞ የሚለምደው እሺ ማለትን ነው። እሺ ይባላል፣ ይጨባበጣል፣ ይሄዳል። ለክቡርነታቸው ይህ ከወባ የባሰ በሽታ ነው። «ሁለት ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ነገር ካሰበ ውል የለም» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው።

ጎረቤቷ የሱፍ እርጉዝ ፍየሉን ሊሸጥ ሲል፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ግልገል የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ፍየሏ ወለደች። ዕዝራ አንዲት ክፍል ሊያከራይ ሲል፣ የቤቱ ጥላ ከኪራዩ ውስጥ ይግባ አይግባ አጣሩ፤ ተከራዩ ሻንጣውን አንሥቶ የገባበት አልታወቀም። ቤርሳቤ ስታገባ ደግሞ፣ ፓስተሩ ፈቃዷን ጠይቀው እሷም እሺ ባለች ጊዜ፣ ከኋላ ወንበር የጉሮሮ መጥረግ ድምፅ ተሰማ። ምእመኑ በሙሉ በድንጋጤ ዞረ። ለካ ጉንፋን ይዟቸው ኖሯል።

ይህን ሁሉ ደመቀች ስቃ ያሳለፈችው ተራው እሷ ጋ እስኪደርስ ነበር።

ደመቀች በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣች፣ ማንጎ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ናት። በየዓመቱ ፍሬው ሳይበስል የሰው ዛፍ ትይዛለች፤ ለወቅቱ ፍሬው የእሷ ይሆናል። ዘንድሮ ልትይዝ ያሰበችው የኑዌሯን ጎረቤቷን የኛቹዎልን ዛፍ ነበር፤ በሰፈሩ እንደሱ የሚያፈራ የለም። ሌሎች ነጋዴዎችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። እሱ ካመለጣት ዘንድሮ ገበያ ይዛው የምትቀመጠው ነገር የላትም። ዋጋው አላጨቃጨቃቸውም። ኛቹዎል እሺ አለች። ደመቀች እጇን ዘረጋች። በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ።

«መሬት የወደቀው የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ» አለች ደመቀች።

«የልጆች ነው» አለች ኛቹዎል፣ እኩል።

በኛቹዎል ቤት መሬት የወደቀ ማንጎ አይሸጥም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያነሣዋል። አማቷ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ብለው ደንግገዋል፤ እሷም አታፈርሰውም። ደመቀች ደግሞ ከማንጎ ግማሹ የሚወድቅ መሆኑን ታውቃለች። የዘረጋችው እጅ ሳይጨበጥ ተመለሰ።

እየተንጨረጨረች ቤቷ ገባች። ምን አገባቸው? ማን ጠራቸው? ዝም ቢሉ ኖሮ ዛፉ የእሷ ነበር። እርግጥ ዱላ ይዛ የኛቹዎልን ልጆች ከዛፉ ሥር ስታባርር ትከርም ነበር። ይህ ሐሳብ እራቷን ስትበላ መጣባት፤ ንዴቷን ስላበላሸባት ወዲያው አባረረችው።

ማንጎው መቅላት ሲጀምር ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች። ሁለቱ ብቻቸውን ተነጋገሩ፤ በራሱ ጊዜ የወደቀ ለልጆች፣ ነፋስ ያረገፈው እኩል ለሁለቱ፣ ዛፉ ላይ የቀረው ለደመቀች። አለቀ። ማንም አልመጣም። ደመቀች ሳታስበው ወደ አጥሩ ተመለከተች። ኛቹዎልም ተመለከተች።

«በይ እንግዲህ፣ እሺ በይኝ» አለች ደመቀች።

«ጋሼ ኃይለኢየሱስ ይጠይቀን» አለች ኛቹዎል። «ከዚያ እሺ እላለሁ። አሁን ወባ ይዞታል፣ ተኝቷል።»

ደመቀች ደሟ ፈላ። ሳይጠሩ መምጣታቸው አንሶ፣ አሁን ደግሞ ባለመምጣታቸው ዛፏን ሊያስቀሯት ነው። ሰው እንዴት የማንጎ ወቅት መርጦ ይታመማል? ለበሽተኛ ጥየቃ ብቻ እንደምትሄድ ለኛቹዎል በግልጽ አስታውቃ፣ ሎሚ በፌስታል ይዛ፣ መንገዱን ሙሉ እያጉረመረመች ሄደች፤ ኛቹዎልም ተከተለቻት።

ኮቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው አልጋው ላይ ከስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ደመቀች ቁማ ስምምነቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ፣ አንድም ሳታስቀር። ኛቹዎልም በራሷ አነጋገር ደገመችው።

«እሺ» አሉ ክቡርነታቸው።

ደመቀች ጠበቀች። ጉሮሮ አልተጠረገም። እሺ የሚለው እኮ ሌላው ሰው ሁሉ ነው፤ እሳቸው እሺ ብለው አያውቁም። በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። ፈራች፤ በመፍራቷም የባሰ ተናደደች።

«ጋሼ» አለች፣ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ። «ገብቶዎት ነው እሺ ያሉት?»

ከዚያ አንድ ዓይን ተገለጠ። እህ እህ ብሎ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ጦጣ ቢበላውስ?» አሉ። «ጉዳቱ የማን ነው?»

ደመቀች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የጦጣውን ነገር አንዳቸውም አላሰቡትም ነበር። እኚህ ሰው መቼም አያሳርፉም እያለች፣ በንዴት በርጩማዋን ወደ አልጋው አስጠጋች።